አውሮፕላኗ እስክታርፍ ሰላም አትበሏት

አጎቴ አውሮፕላን ማሳረፍ ላስተምርሽ ያለኝ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ነው። ሽንኩርቱ ዓይኔን ስለሚያስለቅሰኝ ቀና አላልኩም፤ ዝም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ያለኝ ነገር በደንብ የገባኝ ሽንኩርቱን ድስት ውስጥ ጨምሬ ማማሰል ከጀመርኩ በኋላ ነው። ማማሰያውን ይዤ ቆምኩ። ሽንኩርቱ አረረብኝ።

አጎቴን ጋሼ እለዋለሁ፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ቦንጋ ውስጥ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ራዲዮና ቴሌቪዥን፣ አሁን አሁን ደግሞ ሞባይል የሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ አለችው። እኔ የተወለድኩት ቢታ ገነት አጠገብ ካለ ገጠር ነው። ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ እናቴ ታማ ተኛች። እሷን ሳስታምም፣ ታናናሾቼን ስጠብቅ ትምህርቱ አልፎኝ ሄደ። እናቴ ስትነሳ ተመልሼ እንዳልገባ፣ በዕድሜ ከሚያንሱኝ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ መቀመጡ አሳፈረኝ። ያን ጊዜ ነው ጋሼ፣ እኔ ጋ ትኑር ብሎ ወደ ቦንጋ ያመጣኝ።

ዓይነ አፋር ነኝ። ሰው ሲያናግረኝ የማየው መሬት ነው። የጋሼ ሚስት፣ እትዬ፣ «ይቺ ልጅ የቦንጋን ሰው የምታውቀው በጫማው ነው» ትላለች። ሰው ሁሉ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። እውነት ስለሆነ አልቀየማትም። ምሳ ይዤ ወደ ሱቅ የምሄደው በገበያው መሃል ነው፤ ሰላም የሚሉኝን ሰዎች በጫማቸውና በድምፃቸው እለያቸዋለሁ።

አውሮፕላኗ የመጣችው ከመንገድ ሥራ ነው። ከዓመታት በፊት መንገድ ሊለኩ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። አንደኛው ካሜራ ያላትን ትንሽ አውሮፕላን ወደ ጫካው አብርሮ ከትልቅ ዛፍ ጋር አጋጫት፤ ሲያወርዷት ተሰባብራለች። ምናልባት ትጠገን እንደሆነ ብሎ ለጋሼ ሰጠው። ሥራቸው አልቆ ሲሄዱ፣ ለአንተ ትሁን አለው። ካሜራዋ ሞቷል፣ አካሏ ደቅቋል፤ ሞተሯና ሁለት ዘንግ ያለው ሪሞቷ ግን ደህና ነበሩ። ጋሼ እነሱን ይዞ ሌላ አካል ሠራላት። ክንፏን የሠራው ቴሌቪዥን በካርቶን ሲመጣ ዙሪያውን ከሚጠቀጠቀው ነጭ ፎም ነው፤ ውስጡን በቀርከሃ ስንጥር አጠነከረው። ጎማዎቿን ከተሰበረ የልጆች መኪና አወጣ። ፎሙን በሞረደ ቁጥር ነጩ ፍርፋሪ ቤቱን ይሞላዋል፤ እትዬ ከሽሮው ውስጥ በማንኪያ እየለቀመች፣ ዛሬ ደግሞ አውሮፕላን በወጥ ነው የምንበላው ትል ነበር።

የጋሼን የዓይን ነገር ያወቅነው ሰው ሲቀየመው ነው። ሰላም ሳይለን አለፈ የሚሉ ሰዎች መጡ። እኛ አገር የሚያውቁትን ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ምን አደረግነው፣ ሱቁ ኩራት አመጣበት እንዴ፣ ይባላል። እሱ ግን አላየኋቸውም ብሎ ይምላል። ቀጥሎ የበሩን መቃን በትከሻው መግጨት፣ ከጎኑ የተቀመጠ የሻይ ብርጭቆ ማፍሰስ ጀመረ። ጅማ ሄዶ ሲታይ የዓይን ግፊት ነው አሉት። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆያለን፤ እስከ መቼ እንደሚቆይ ግን ማንም ሊነግርህ አይችልም አሉት። ጋሼ ይህን ሲነግረን ከአጥሩ ሥር የቀርከሃ ቁራጭ አነሳና በቀዳዳው እትዬን አያት።

«እንዲህ ነው የማየው» አለ። «የማየውን ደህና አድርጌ አየዋለሁ። ዳር ዳሩ ነው የሌለው።»

እትዬ ቀርከሃውን ተቀበለችው። እሷም በቀዳዳው እሱን አየችው። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች።

በቀርከሃ ቀዳዳ የሚያይ ሰው አውሮፕላን ከመሬት ማስነሳት ይችላል፤ ሰማዩ ላይ እስካልጠፋችበት ድረስም ያበራታል። ችግሩ ስትወርድ ነው። መሬት ስትጠጋ ትፈጥናለች፣ ከሣሩና ከዛፉ ጋር ትቀላቀላለች፤ አንዴ ከቀዳዳው ከወጣች መልሶ አያገኛትም። ሁለት ሦስቴ እንዲህ ጠፍታበት ወድቃለች። በሱቁ አካባቢ የሚውሉ ወጣቶችን ሞክሮ ነበር። እነሱ ግን ገና ሪሞቱን ሲይዙ ማገላበጥ ነው የሚያምራቸው፤ ማሳረፍ የሚፈልግ አልነበረም።

ሽንኩርቱ ባረረበት ቀን ማታ፣ ለምን እኔን እንደመረጠ ራሱ ነገረኝ። በዚያ ሁሉ የገበያ ጭቃ ወጥ ሳላፈስ ምሳውን እንደማደርስለት አይቷል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እስከ መቼ እንደማያት አላውቅም። ሙሉ እንደሆነች ስትመለስ አንድ ጊዜ ልያት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ነገሩ ይህ ነበር። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ እኛ ጋ ዝናብ ፋታ የሚሰጠው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። መጋቢት ሲመጣ ሰማዩ ይዘጋል። እስከሚቀጥለው በጋ የጋሼ ቀዳዳ ምን ያህል እንደሚጠብ ማን ያውቃል? እኔ በዚህ በጋ ማሳረፍ ካልተማርኩ ሊያያት አይችልም።

ትምህርቱን የጀመርነው ግቢ ውስጥ ነው፤ አውሮፕላኗ ጋሼ ራሱ ሆነ። እጆቹን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ይራመዳል፣ እኔ ባዶውን ሪሞት ይዤ ዘንጉን ወደ ግራ ስገፋ «ግራ» እላለሁ፣ እሱ ወደራሱ ግራ ይታጠፋል። ከእኔ ሲርቅ ቀላል ነበር። ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ሲመጣ ግን ሁሉ ነገር ተገለበጠ፤ የእኔ ግራ የእሱ ቀኝ ነው። ወደ ጎመኑ መደብ ልመልሰው ስል ከልብስ ማስጫው ገመድ ጋር አጋጨሁት። የእትዬ ነጠላ ፊቱ ላይ ተጠመጠመ። እትዬ ከበሩ ላይ ሆና፣ ይኸው ደመና ውስጥ ገባ፣ አለች።

ግራና ቀኙን ማሰብ እንድተው ያደረገኝ ጋሼ የሰጠኝ አንድ ዘዴ ነው። ሙዝ ፍሬ ሲበዛበት ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ እንዳይወድቅ ባዘነበለበት በኩል ባላ እናስደግፍለታለን። ወደ አንቺ ስትመጣ የትኛው ክንፏ እንደወረደ ብቻ እዪ አለኝ። በወረደው በኩል ዘንጉን አስደግፊላት። ሙዝ ማስደገፍ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ጋሼ ከገመዱ ጋር አልተጋጨም።

ሜዳችን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ሺሺንዳ የሚሄዱ መኪኖች በሚያልፉበት መንገድ ዳር ያለ የግጦሽ መሬት ነው። በአንድ በኩሉ የእንሰት ተክል አለ፣ በሌላው ቁጥቋጦ። ጠዋት ጉም ነው፤ ጉሙ ሲነሳና ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲመጣ መሃል ላይ ያለችው ጊዜ ናት የእኛ። ነፋስ ከየት እንደሚመጣ የሚነግረን የእንሰቱ ቅጠል ነው፤ አውሮፕላን ሁልጊዜ ፊቷን ወደ ነፋሱ አድርጋ ነው የምታርፈው። ጋሼ ያስነሳታል፣ ከፍ ያደርጋታል፤ ከዚያ የሪሞቱን ማንገቻ ከአንገቱ አውጥቶ በእኔ አንገት ላይ ያጠልቀዋል። 

ከሁሉ የከበደኝ ግን መንገዱ ነው። ሴት ልጅ ሪሞት ይዛ ሰማይ ሰማይ ስታይ ያለፈ ሁሉ ይቆማል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ባየኝ ቁጥር አንገቱን አውጥቶ እንደ መኪና ረዳት ይጣራል፤ «ሺሺንዳ፣ ሺሺንዳ! አንድ ሰው የቀረው!» አንዲት ከገበያ የምትመለስ ሴት ደግሞ፣ የደካ መንገድ ጭቃ ስለሆነ እባክሽ በአየር አድርሺኝ አለችኝ፤ ቅርጫቷን ይዛ መልስ እስክሰጣት ጠበቀች። ጆሮዬ እሳት ሆነ። ግን አውሮፕላኗ እላዬ ላይ ስለሆነች ወደ መሬት ማየት አልቻልኩም። ቀስ በቀስ ለመድኩት ብል ውሸት ነው። አውሮፕላኗ ሰማይ ላይ ሳለች ግን ሰዎቹን ላለማየት ምክንያት አለኝ፤ ይህ ረዳኝ።

ማሳረፍ፣ ከውጭ ለሚያይ ሰው፣ ማውረድ ይመስለዋል። አይደለም። ጉልበቷን ስትቀንሽላት ራሷ ትወርዳለች። የአንቺ ሥራ ክንፏ እንዳያዘነብል፣ አፍንጫዋም እንዳይደፋ መጠበቅ ነው። መጨረሻ ላይ፣ ሣሩን ልትነካ ስትል፣ አፍንጫዋን በጣም ጥቂት ቀና ታደርጊላታለሽ። እኔ ግን መሬቱን ፈራሁት። ገና ከሰው ቁመት በላይ ሳለች፣ እንዳትመታ ብዬ ቀና አደረግኳት። አየር ላይ ቆመች። አንድ አፍታ ቆመችና እንደበሰለ አቮካዶ ዘጭ አለች። በሚቀጥለውም ጊዜ እንዲሁ። ጋሼ ኮላውንና ፕላስተሩን ከኪሱ አውጥቶ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ይጠግናታል። አልተቆጣኝም። የተኛ ሕፃን አልጋ ላይ ስታስቀምጪ ከላይ ትለቂዋለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልለቀውም አልኩ። አልጋውን እስኪነካ እጅሽ ከሥሩ አይለይም አይደል? አይለይም አልኩ። እንደዚያ ነው አለኝ።

ጥር ሲገባ ቀስ እያለ መጣልኝ። አንዳንዴ በአንድ ጎማ ታርፋለች፣ አንዳንዴ ሣሩ ውስጥ ትገለበጣለች፤ ግን አትሰበርም። ጋሼ ግን አንዱንም አላየም፤ ያ ሁሉ ሲሆን ቀዳዳው ሌላ ቦታ ላይ ነው። የት እንዳረፈች በእጄ አሳየውና ሄዶ፣ ወይ ተገልብጣ ወይ በክንፏ ተደግፋ ያገኛታል። ቀጥ ብላ፣ በሦስት ጎማዋ፣ አላረፈችም።

አንድ የጥር ቀን አየሩ መልካም ነበር። ነፋስ የለም፣ የእንሰቱ ቅጠል አይነቃነቅም። ጋሼ አስነስቶ ሰጠኝና ከእኔ ራቅ ብሎ ሜዳው መሃል ቆመ፤ ከዚያ ሆኖ ስትወርድ በዓይኑ ሊይዛት ይችል እንደሆነ ሊሞክር ነው። ዞር አድርጌ ወደ ሜዳው ላስገባት ስል ከጎኔ የእግር ድምፅ ሰማሁ። የሜዳው ጎረቤት የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። ከብቶቻቸውን እዚያ ያግጣሉ፣ በጫካው ዳርም የንብ ቀፎ አላቸው። ከሩቅ አይተውን ያውቃሉ፤ ያን ቀን ግን ቀርበው ሰላም ሊሉኝ መጡ። በካፊኖኖ፣ በአገራችን ቋንቋ፣ ደህና ነሽ ወይ አሉኝ፣ እጃቸውንም ዘረጉ።

እናቴ ያሳደገችን የትልቅ ሰው እጅ ተዘርግቶ አይቀርም ብላ ነው። ተቀምጠሽ ከሆነ ትነሻለሽ፣ የያዝሽው ነገር ካለ ታስቀምጫለሽ። አላሰብኩም። ሪሞቱን ለቀቅኩት፣ በማንገቻው ደረቴ ላይ ተንጠለጠለ። ቀኝ እጄን ሰጠኋቸው፣ በግራዬ ክንዴን ደገፍኩ፣ ጎንበስ አልኩ። እግራቸውን አየሁ፤ ጥቁር የጎማ ቦት ነው ያደረጉት። የማን ልጅ ነሽ አሉኝ፣ ነገርኳቸው። እናትሽ ደህና ናት? ደህና ናት። ታናናሾችሽ? ደህና ናቸው። ከብቱስ? ከብቱም ደህና ነው። የእኛ ሰላምታ አጭር አይደለም፤ መሃል ላይ ማቋረጥም የለም። እጃቸው እጄን እንደያዘ፣ ከእንሰቱ በኩል ደረቅ ቅርጫት ሲሰበር የሚመስል ድምፅ መጣ።

ያን ጊዜ ብቻ ቀና አልኩ። ሰማዩ ባዶ ነው።

ጋሼ ከሜዳው መሃል ሆኖ ፊቱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል። «የት ናት?» ይላል። «የት አደረግሻት?»

በእጄ ወደ እንሰቱ አሳየሁት። ሽማግሌውም ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ወደ እንሰቱ ሄደው ክንፏን አነሱት፣ ከዚያ ሌላውን ቁራጭ። የሞተሯ ዘንግ ጎብጧል፣ ውልብልቢቱም ተሰብሯል። ጋሼ ደርሶ ቁራጮቹን አንድ በአንድ በእጁ ዳሰሳቸው። ሽማግሌው ሰላም ብለውኝ እንደነበር ነገሩት። አዳመጣቸው፣ በአክብሮትም አመሰገናቸው። ወደ ቤት ስንመለስ ቀደም ቀደም ብዬ ሄድኩ፤ እሱ ቁራጮቹን በጆንያ ይዞ ከኋላዬ ነው። ከተማው ዳር ስንደርስ አንድ ነገር ብቻ አለኝ።

«ዓይኔን ሰጥቼሽ አቀረቀርሽ።»

ቤት ገብቼ ሥራዬን ሠራሁ። እትዬ ምን እንደሆነ ከፊታችን አነበበችው፤ አልጠየቀችም። የሚቀጥለውን ሳምንት ጋሼ ከሱቅ ሲመለስ ስለ አውሮፕላኗ አላነሳም፣ ጆንያውም በሩ ኋላ ቆመ። ሪሞቱን ሳጸዳ እያየኝ ነበር፤ ተይው አላለኝም፣ ያዢውም አላለኝም። ብዙ ሰው የሚያስበው ዓይነ አፋር ሰው ሰውን እንደሚጠላ ነው። እኔ ግን ለጋሼ ብዬ ፀሐይን ሙሉ ቀን ባይ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን መናገር ስላልቻልኩ ወጡን ጥሩ አድርጌ ሠራሁ።

ሳምንቱ ሲያልቅ ሽማግሌው መጡ። በቅጠል የተሸፈነ ማር በሳህን ይዘው፣ ልብሳቸውን ቀይረው፣ በሩ ላይ ቆመው አስፈቀዱ። ለጋሼ የመጡ መስሎኝ ወንበር አቀረብኩና ልወጣ ስል አንቺም ተቀመጪ አሉኝ። አማርኛ ትንሽ ይከብዳቸዋል፤ የተናገሩት በካፊኖኖ ነው፣ ቀስ ብለው፣ ጋሼን እያዩ። ቤታቸው ሄደው ነገሩን ሲያስቡት መሰንበታቸውን ነገሩን። ወጣት ሳሉ ረጅም ዛፍ ላይ ወጥተው ቀፎ የሚሰቅሉ፣ ማርም የሚቆርጡ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ዛፍ ላይ ሳሉ አንድ የሚያልፍ ሰው ከታች ሰላም አላቸው፤ ጨዋ ሰው ስለሆኑ ዞር ብለው ሊመልሱ ሲሉ እግራቸው ከቅርንጫፉ ተነሳ። ወገባቸው ላይ በታሰረው ገመድ ነው የተረፉት።

«ዛፍ ላይ ያለን ሰው ሰላም አይሉትም» አሉ። «እስኪወርድ ቆመው ይጠብቁታል። ሰላምታው ከወረደ በኋላ ነው። የዚች ልጅ እጅ ዛፍ ላይ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላየሁት።»

 ጋሼ ተነሳና ከበሩ ኋላ ጆንያውን አወጣ። ቁራጮቹን በሽማግሌው ፊት ወለሉ ላይ ደረደራቸው። ይሄ ዘንግ ይቃናል አለ። ክንፉ ግን ሌላ ፎም ይፈልጋል። እትዬ የዚያን ቀን ማርና ዳቦ አቀረበች፤ ከዚያ ቀን በኋላ ፍርፋሪው ወጡ ውስጥ ቢገባም አልተናገረችም።

ጥገናው የካቲትን ጨረሰው። ጋሼ ኮላውን በዓይኑ ሳይሆን በጣቱ ነው የሚከታተለው። አንዳንዴ መቀሱን ከጎኑ አስቀምጦ መቀሱ የት አለ ይላል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ቀኝህ ጋ ነው፣ ትንሽ ወደዚህ፣ እለዋለሁ። ሳላስበው ከቀድሞው ብዙ አወራ ጀመር። ዝናቡ አንድ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሄደ። ቀሪው ጊዜ ጥቂት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ስለ እሱ አላወራንም።

በወጣንበት ቀን ገበያ ነበር። መንገዱ በሰው ሞልቷል፤ እኔ ሌላ ቀን ይሁን ልል ፈልጌ ነበር። ሽማግሌው ግን ቀድመው መጥተው መንገዱ ዳር በትራቸውን ተክለው ቆመዋል። ወደ ሜዳው ገባ የሚለውን ሁሉ በትራቸውን አግድም አድርገው ያቆሙታል። ልጅቷ እስክትወርድ ሰላም አትበሏት ይላሉ። የት ወጥታ ነው የሚል ሲመጣ ወደ ሰማይ ያሳያሉ። ሰዎቹም ነገሩ ገባቸው፤ ዛፍ ላይ ያለ ሰው ምን እንደሆነ የማያውቅ እኛ አገር የለም። ቅርጫትና ዶሮ እንደያዙ ቆሙ። የባጃጁ ሹፌር እንኳን ሞተሩን አጠፋ። ከጫጫታቸው ይልቅ ዝምታቸው አስፈራኝ፤ ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ይዞ እኔን ሲጠብቅ ተሰማኝ።

ጋሼ አስነሳት። ይህን ጊዜ አልራቀም፤ ከኋላዬ፣ ከትከሻዬ አጠገብ ቆመ። ደመናው ነጭ ነው፣ እሷ በላዩ ላይ ጥቁር ሆና ትታያለች። «አየኋት» አለኝ፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። ዞር ስትል ጠፋችበት። «የት ናት?» አለ። ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝ፤ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ «ከዛፉ በላይ ናት፣ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ዝቅ» አልኩ። «እህ፣ አገኘኋት» አለ። እንዲህ እየተባባልን ሁለቴ ዞርን። ነፋሱ ግን ተነሳ። የእንሰቱ ቅጠል ወደ መንገዱ ተገለበጠ፤ ስለዚህ ከእንሰቱ በተቃራኒ፣ ከመንገዱ በኩል፣ ከሰዎቹ አናት በላይ ማስገባት አለብኝ። መጀመሪያ ከፍ ብላ መጣች፤ ብታርፍ እንሰቱ ውስጥ ነው። ጉልበት ሰጥቼ መለስኳት። ሰዎቹ አንገታቸውን ሰበር ሲያደርጉ በዓይኔ ዳር አየሁ፤ ማንም ግን አልጮኸም። የሞተሩ ድምፅ መቅጠን ጀመረ፤ ባትሪው እየደከመ ነው። ጋሼም ሰምቶታል።

«ይቺ የመጨረሻዋ ናት» አለ በዝግታ። «አትቸኩዪ።»

በድጋሚ አዞርኳት። ግራ ክንፏ ወረደ፣ አስደገፍኩላት። ጉልበቷን ቀነስኩ። ከሰዎቹ በላይ አለፈች፣ ከበትሩ በላይ፣ ከመንገዱ ዳር ቦይ በላይ። መሬቱ ሲመጣ የድሮው ፍርሃት ቀና አድርጊያት አለኝ። ቆይ አልኩት። ሣሩን ልትነካው ስትል ጥቂት ብቻ፣ እንደ ሕፃኑ፣ ቀና አደረግኳት። ነካች። አንዴ ነጠረች። ደግማ ነካች፣ ሮጠች፣ የፊት ጎማዋ እበት ውስጥ ገብታ ቆመች። በሦስት ጎማዋ፣ ቀጥ ብላ።

ከኋላዬ ምንም ድምፅ አልመጣም። ዞር ስል ጋሼ ፊቱን ወደ እንሰቱ አዙሮ ቆሟል። አውሮፕላኗ ከጀርባው ናት።

ሽማግሌው በትራቸውን አነሱ። «አሁን ወርዳለች» አሉ፣ መጀመሪያም ራሳቸው መጥተው እጃቸውን ዘረጉልኝ። ከዚያ ሰው ሁሉ መጣ። የማያውቁኝ ሴቶች ደህና ነሽ ወይ ይሉኛል፣ የባጃጁ ሹፌር በሁለት እጁ ሰላም አለኝ፣ አንዲት እናት ዶሮዋን በብብቷ ይዛ ሦስቴ ሳመችኝ። ያቆዩትን ሰላምታ በሙሉ አንድ ላይ ነው ያመጡት። እኔም እያንዳንዱን እጅ እየያዝኩ ጫማቸውን አየሁ፤ ያ አልተለወጠም።

ሰው ሲሳሳ ጋሼን በክንዱ ይዤ ወሰድኩት። ተንበረከከ፣ በቀዳዳው ፈለጋት። መጀመሪያ ጭራዋን አገኘ፣ ከዚያ አንዱን ክንፍ እስከ ጫፉ ተከተለው፣ ከዚያ ሌላውን። ጎማዎቿን አንድ በአንድ አየ። እበቱን ሲያይ ሳቀ።

«ሙሉ ናት» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «መንገዱን ስታልፍ ጠፋችብኝ» አለኝ። «እንዳላስደነግጥሽ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ንገሪኝ።»

ሪሞቱን በአንገቴ፣ አውሮፕላኗን በብብቴ ይዤ ወደ ከተማው አቀናን። እሱ አንድ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳርፏል። ከመንገዱ ጀመርኩለት፤ ከበትሩ በላይ ምን ያህል ከፍ እንዳለች፣ ቦዩን ስታልፍ ክንፏ እንዳልተነቃነቀ። በቶሎ ስናገር ያስቆመኛል፤ ቦዩ ጋ ድምፁ እንዴት ነበር ይላል፣ አፍንጫዋስ? በመንገዱ ሰው ያልፋል፣ እኔ አወራለሁ። ጋሼ ነፃ እጁን ከፊቱ ዘርግቶ መዳፉን ወደ መሬት አድርጎታል፤ እኔ ስናገር መዳፉ ቀስ እያለ ይወርዳል። ጉልበቱ አጠገብ ሲደርስ፣ ነካች አልኩት። መዳፉ ቆመ። ከዚያ አንዴ ነጠረች አልኩት፣ እጁም ነጠረ።